ዝናቡ እንጦጦ፣ ጎርፉ አቃቂ፦ የአንድ ግቢ የክረምት ሳምንት

ጉዳዩ አቃቂ ዳር፣ ከትልቁ አቃቂ ወንዝ 250 ሜትር ያህል ርቆ ያለ የወተት ላሞች ግቢ ነው። ስፋቱ 1,200 ካሬ ሜትር ነው። ስምንት የተዳቀሉ ላሞች፣ 12 በ6 ሜትር የሆነ ቆርቆሮ ክዳን በረት፣ የመኖ ክፍልና የቤተሰቡ መኖሪያ ቤት አሉበት። ምሥራቁን አጥር ተከትሎ 15 ሜትር የሚደርስ የባሕር ዛፍ ረድፍ ቆሟል። ከግቢው በታች ወንዙ ዳር ሩብ ሄክታር የጎመንና የቆስጣ መደብ አለ፤ ከበላዩ ደግሞ 2 ሄክታር የሚሆን፣ ግማሹ ሜዳ ግማሹ ኮብልስቶን የለበሰ ተዳፋት ውሃውን ወደዚህ ይልካል። አፈሩ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር ሸክላ አፈር ነው።

ጊዜው የሐምሌ መጨረሻ ነው። ይህ ቀን ለመረሬ አፈር ወሳኝ ነው። ሰኔ መግቢያ ላይ መሬቱ ከበጋው የቀረ ስንጥቅ ስላለው የመጀመሪያውን ዝናብ በስንጥቁ ይውጣል። ሐምሌ ሲጋመስ አፈሩ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ውሃ በአብዛኛው ከላይ ይሄዳል። ሰኔ ላይ ጭቃ ብቻ አድርጎ ያለፈ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሐምሌ 28 ቀን በረት ሊያጥለቀልቅ ይችላል። ትንበያውን የሚያዳምጥ ሰው አስቀድሞ የሚያስፈልገው ይህን ማወቅ ነው።

ትንበያው ያለውና ያላለው

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአሥር ቀን ትንበያውን የሚያወጣው በፈረንጆቹ ወር ነው፤ ወሩን ከ1 እስከ 10፣ ከ11 እስከ 20፣ ከ21 እስከ ወሩ ማብቂያ ይከፍለዋል። የኦገስት የመጀመሪያው አሥር ቀን በእኛ ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 4 ነው። ቀኑን ወደራስ አቆጣጠር ሳይመልሱ ያለፈውን ትንበያ ለሚመጣው ሳምንት መጠቀም ብዙ ጊዜ የሚታይ ስሕተት ነው፣ በተለይ መልእክቱ በቴሌግራም ሲዘዋወር ከርሞ ሲደርስ።

ለዚህ አሥር ቀን የወጣው ትንበያ ለመካከለኛው የሀገሪቱ ክፍልና ለላይኛው አዋሽ ተፋሰስ መደበኛና ከመደበኛ በላይ ዝናብ፣ በአንዳንድ ቦታዎች ደግሞ ነጎድጓድ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ የሚል ነበር። ሦስቱም ቃላት መፈታት አለባቸው።

«መደበኛ» ማለት ቀላል ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ሐምሌም ነሐሴም እያንዳንዳቸው ከ250 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኙባት ከተማ ናት። ስለዚህ የአሥር ቀኑ መደበኛ ድርሻ ከ80 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ይህ በየቀኑ 8 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቢዘንብ ማንም አያስታውሰውም። ግማሹ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቢወርድም አሥር ቀኑ «መደበኛ» ተብሎ ይመዘገባል።

«ከባድ» የሚባለው ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ሲዘንብ ነው። ነገር ግን ለቦይ ወሳኙ የቀኑ ድምር ሳይሆን የዝናቡ ፍጥነት ነው፤ ነጎድጓዳማ ዝናብ ያን 30 ሚሊ ሜትር በ40 ደቂቃ ሊያወርደው ይችላል። «በአንዳንድ ቦታዎች» የሚለው ሐረግ የትኛው መንደር እንደሆነ አይናገርም፣ ሊናገርም አይችልም፤ አንድ የነጎድጓድ ደመና ጥቂት ኪሎ ሜትር ስፋት ብቻ ስላለው ቃሊቲን አጥለቅልቆ አቃቂን ሊዘል ይችላል። የአሥር ቀኑ ትንበያ ሥራን ለማቀድ ነው፤ ዕለታዊው ትንበያ ቀኑን ለመምረጥ፤ ሰዓቱን ግን የሚነግረው ሰማዩ ነው።

ደመናው ለምን ከሰዓት በኋላ ይነሣል

በክረምት ዝናብ አምጪው የአየር መገናኛ ቀጠና ወደ ሰሜን ተጉዞ ኢትዮጵያን ያልፋል፤ ከደቡብ ምዕራብ እርጥበት አዘል አየር ወደ ደጋው ይገባል። ይህ አየር ከአቃቂ ሜዳ፣ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው፣ ተነሥቶ 3,000 ሜትር ወደሚያልፈው እንጦጦ ሲገፋ ለመውጣት ይገደዳል። የቀትር ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው መውጣቱ ይፈጥናል። ለዚህም ነው ነጎድጓዱ አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ የሚሰማው፣ ከተራራው በኩልም የሚጀምረው።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ጠቃሚ ምልክት አለ። በሐምሌ መጨረሻ ጠዋቱ ጨፍግጎ ካፊያ ሲል ከዋለ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ረጅምና ለስላሳ ይሆናል። ጠዋቱ ጥርት ብሎ እስከ 5 እና 6 ሰዓት ፀሐዩ ካከረረ ግን ላሞቹን ሩቅ መስደድ አይገባም። የጠራ ጠዋት ደስ ስለሚል ሰው ሁሉ እህል የሚያሰጣውና ልብስ የሚያጥበው ያኔ ነው፣ ብዙ ጉዳትም የሚደርሰው በዚያው ቀን ነው።

ደመናው ሽቅብ እየተቆለለ ሄዶ አናቱ ወደ ጎን ከተዘረጋና ከነጣ የነጎድጓድ ደመና ሆኗል። የመሬቱ ነፋስ በዚህ ጊዜ ያታልላል፦ ደመናው አየር ወደ ራሱ ስለሚስብ ነፋሱ ወደ ደመናው ይነፍሳል፣ ተመልካቹም «እየሄደ ነው» ይላል። ነፋሱ ለአፍታ ጸጥ ብሎ ከደመናው በኩል ብርድ ያለው ሆኖ ከተመለሰ ለዝናቡ የቀሩት ደቂቃዎች ናቸው።

በረዶም በደጋ የሚበዛበት ምክንያት አለው። በእኛ አካባቢ አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ከባሕር ወለል በላይ 5,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በረዶው ቆላ እስኪደርስ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ በሞቃት አየር እየቀለጠ ይወርዳል፤ አቃቂ ለመድረስ ሦስት ኪሎ ሜትር፣ እንጦጦ ለመድረስ ሁለት ብቻ ይበቃዋል። ጎመንና ቆስጣ ደግሞ ቅጠላቸው ሰፊ ስለሆነ ቶሎ ይበሳሉ። በሳምንቱ ለገበያ የሚደርሰውን ቀድሞ መቁረጥ ከየትኛውም ሽፋን ይሻላል።

ሐምሌ 24፦ ከሳምንቱ በፊት የተሠራው

በግቢው ላይኛው ጠርዝ የሚያልፈው ቦይ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በ100 ሜትር 1 ሜትር ዝቅታ አለው። ከሰኔ ጀምሮ ደለል ግማሹን ሞልቶት ነበር። ልዩነቱን በቁጥር ማየት ያስፈልጋል። ከላይ ያለው 2 ሄክታር ላይ 30 ሚሊ ሜትር በ40 ደቂቃ ቢዘንብና ከዚያ 60 በመቶው ቢፈስ 360 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በሰከንድ 150 ሊትር ይመጣል። ንጹሕ ሲሆን ቦዩ በሰከንድ 190 ሊትር ያህል ያሳልፋል። ግማሹ በደለል ሲሞላ ግን ግማሹን ሳይሆን 77 ሊትር ገደማ ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ ውሃው ከመሳሱም በላይ ከወለሉ ጋር ያለው ፍትጊያ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል። ትርፉ በ40 ደቂቃ ከ170 ሜትር ኩብ ይበልጣል፤ ግቢው ላይ ቢተኛ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ነው።

ሁለት ሰው በዶማና በአካፋ 30 ሜትሩን ቦይ በአንድ ቀን ጠረጉት። የወጣው ደለል ከቦዩ በታች በኩል፣ ወደ ግቢው ባለው ጠርዝ ተከምሮ ተደቀደቀ፤ በላይ በኩል ቢከመር ኖሮ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባው ነበር።

ጣሪያው ራሱን የቻለ ወንዝ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። የበረቱ 72 ካሬ ሜትር ክዳን በ30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 2,160 ሊትር ያወርዳል። አሸንዳ ከሌለው ያ ሁሉ ውሃ በረቱ በር ላይ ይወድቃል፣ ላሞቹ ጭቃ ውስጥ ይቆማሉ፣ ከዚያ የኮቴ መበስበስና የጡት በሽታ ይከተላል። አሸንዳው ተገጥሞ ነበር፤ መውረጃው ግን የባሕር ዛፍ ቅጠል ታጭቆበት ስለነበር ተነቅሎ ተጠረገ። የመጀመሪያው ውሃ ጣሪያውን አጥቦ እንዲሄድ ተትቶ ቀጣዩ ወደ ሮቶ እንዲገባ ተደረገ፤ ለማጠቢያና ለላሞቹ መጠጥ ይሆናል።

ድርቆሹና ፉርሽካው ከወለሉ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በእንጨት ርብራብ ላይ ተቀመጠ፣ ከግድግዳውም አንድ ክንድ ራቀ። እዚህ ላይ ቸልተኝነት ዋጋ ያስከፍላል። እርጥበት የነካው ፉርሽካና ፋጉሎ ይሻግታል፣ ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ በላሟ አልፎ ወተት ውስጥ ይገባል፣ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም።

ለልኬት ደግሞ ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ ጣሳ ከዛፍም ከቤትም ርቆ በእንጨት ላይ ታሰረ። በማስመሪያ ይለካል፣ ዘወትር ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተነቦ ይደፋል፤ የሀገሪቱ የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎችም የሚያነቡት በዚያው ሰዓት ነው። ጎኑ ሰፋ እያለ የሚሄድ ዕቃ፣ ለምሳሌ ባልዲ፣ ቁጥሩን ያሳስተዋል።

ሐምሌ 28፦ ያልዘነበበት ጎርፍ

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ካፊያና ቀላል ዝናብ ነበሩ። በአራተኛው ቀን ጠዋቱ ጠራ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሰሜኑና ሰሜን ምሥራቁ ጠቁሮ፣ ነጎድጓዱ ከሩቅ እየተሰማ፣ አቃቂ ላይ ግን ጥቂት ጠብታ ብቻ ነበር፤ በማግስቱ ጣሳው ላይ የተነበበው 4 ሚሊ ሜትር ነው። ላሞቹን የሚጠብቀው ልጅ «ጋሼ፣ እኛን ዘሎናል፣ ወንዙ ዳር ላሰማራቸው?» ሲል የግቢው ባለቤት የከለከሉት ትክክለኛውን አቅጣጫ ስላዩ ነው።

እንጦጦ የውሃ መለያያ ነው። በሰሜን ጎኑ የሚወርደው በሱሉልታ በኩል ወደ ሙገርና ዓባይ ይሄዳል፤ በደቡብ ጎኑ የሚወርደው ከተማዋን አቋርጦ በትንሹና በትልቁ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ። ስለዚህ አቃቂ ላይ ያለ ሰው የራሱ ሰማይ ብቻ ሳይሆን የእንጦጦና የለገዳዲ በኩል ሰማይም ይመለከተዋል። በ1998 ዓ.ም. ለሐምሌ 30 አጥቢያ ሌሊት ድሬዳዋን መትቶ ከ250 በላይ ሰው የገደለው ጎርፍም ከከተማዋ በላይ ካለው ደጋ የወረደ ነበር።

ሰዓቱን መገመት ይቻላል። በሰከንድ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር የሚፈስ ውሃ 30 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ4 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። የጎርፉ ግንባር ግን ከውሃው ራሱ ይቀድማል፤ ማዕበሉ ከፊቱ ያለውን ውሃ እየገፋ ስለሚሄድ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው ይደርሳል። ከተማው ውስጥ ካለው አስፋልትና ጣሪያ የሚመጣው ደግሞ ከዚያም በፊት። በዚህ ቀን 9 ሰዓት ላይ የጠቆረው ሰማይ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ወንዙን አደፈረሰው፣ እስከ 12 ሰዓት ተኩል ድረስ የታችኛውን የጎመን መደብ ሸፈነው።

ከጎርፉ በፊት የሚታዩት ምልክቶች ሦስት ናቸው፦ የውሃው መልክ ድንገት መለወጥ፣ ቅጠል፣ ጭራሮና ሃይላንድ ተግተልትሎ መምጣቱ፣ ከላይ በኩል የሚሰማ ጉምጉምታ። ከእነዚህ አንዱ ሲታይ ለውሃ ሞተሩ መመለስ አይገባም። የዚህ ግቢ ሞተር ከሰዓት በፊት ተነሥቶ ነበር። የጎረቤቱ አልተነሣም።

የተጥለቀለቀው ጎመን ጉዳይ ሌላ ነው። የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽ ይዞ ስለሚወርድ ጎርፍ የነካው ቅጠል ታጥቦ ጥሬውን ለሰላጣ መሸጥ የለበትም። ከመደቡ የተነቀለው ለላሞቹም አልተሰጠም።

ነሐሴ ሲጋመስ ደግሞ ሌላ ስጋት ይጨመራል። በክረምቱ መጀመሪያ የለገዳዲና የድሬ ግድቦች ከላይ የሚመጣውን ውሃ ይዘው ያስቀራሉ፤ ሲሞሉ ግን ትርፉ ወደ ታች ይለቀቃል። የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ለወንዙ ዳር ነዋሪዎች የሚያወጣውን ማስጠንቀቂያ ከአየር ትንበያው ጋር አብሮ መከታተል ያስፈልጋል።

ሐምሌ 29፦ በራስ ላይ የመጣው

በማግስቱ ደመናው አቃቂ ላይ ቆመ። ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ያለው ሰከንድ ለሦስት ሲካፈል ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይገኛል። 30 ሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚህ በታች ሲሆን ሰውም ከብትም ሜዳ ላይ መቆየት የለበትም፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ ያሻል። ብዙ ሰው የሚመታው ዝናቡ ሳይጀምር ወይም አባርቶ ሳለ ነው፤ መብረቅ ከደመናው ጠርዝ ርቆም ይወርዳልና።

ለላሞቹ ትልቁ አደጋ የባሕር ዛፉ ረድፍ ነበር። ከብት ዝናብ ሲመጣ ዛፍ ሥር ይጠጋል። መብረቅ ዛፉን ሲመታ ኤሌክትሪኩ በሥሩ በኩል በእርጥቡ መሬት ይሰራጫል፤ የላም የፊትና የኋላ እግር አንድ ሜትር ተኩል ያህል ስለሚራራቁ በሁለቱ መካከል ያለው የኃይል ልዩነት በደረቷ አልፎ ልቧን ያገኛል። ሰው ሁለት እግሩን ገጥሞ ቢቆም አደጋውን ይቀንሳል፣ ላም ግን ይህን ማድረግ አትችልም። ስለዚህ ላሞቹ ከ8 ሰዓት በፊት በረት ገቡ፤ የታሰሩትም በሰንሰለት ሳይሆን በገመድ ነው። በባሕር ዛፉ ላይ ተቸንክሮ እስከ በረቱ የሚደርሰው የአጥር ሽቦ ከበረቱ ሁለት ሜትር ላይ ተቆርጦ ክፍተቱ በእንጨት ተሞላ።

በዚህ አጋጣሚ የሚነሣ ማስጠንቀቂያ፦ ዛፍ ሥር ሞታ የተገኘች ላም ሁሉ መብረቅ አልገደላትም። አባ ሰንጋም ድንገት ይገድላል። ከአፍ፣ ከአፍንጫ ወይም ከፊንጢጣ ጥቁር ያልረጋ ደም ከታየ፣ ሬሳውም ጠንክሮ ካልተገተረ፣ የእንስሳት ሐኪም ሳያይ መግፈፍም መክፈትም ክልክል ነው።

ቤት ውስጥ ሪሲቨሩ፣ ፍሪጁና የወተት ማቀዝቀዣው ነጎድጓዱ ገና ሩቅ ሳለ ከሶኬት ተነቀሉ፤ የዲሹም ገመድ ከሪሲቨሩ ወጣ። ማጥፊያውን መጫን ብቻ በቂ አይደለም፤ ኃይሉ በተጠፋው ማብሪያ ላይ ይዘልላል። መብረቁ ቅርብ ከሆነ በኋላ ሶኬት ለመንቀል መሮጥ ደግሞ ራስን ማጋለጥ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ፍሪጁ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ይሰካል።

በጣሳው የተለካው 33 ሚሊ ሜትር ነው፤ አብዛኛው በ40 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ወረደ። የተጠረገው ቦይ ያዘ። ችግሩ የመጣው ካልታሰበበት ቦታ ነው፦ ከመግቢያው በር ሥር፣ መኪና እንዲያልፍ የተቀበረው የሲሚንቶ ቱቦ። ውስጡ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፣ በዚያው ዝቅታ በሰከንድ 97 ሊትር ያህል ያሳልፋል። ቦዩ 190 ቢችልም 150 ሊትር ሲመጣ በሩ ላይ ይታነቃል። ፌስታልና ጭራሮ አፉ ላይ ሲከማች ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ውሃው በሩን አልፎ ገባ፣ የመኖ ክፍሉ ውስጥም አንድ ስንዝር ቆመ። ርብራቡ ስለነበረ መኖው ተረፈ።

ቦይ የሚለካው በጠባቡ ቦታው ነው፣ ቱቦውም በብዙ የዳር ግቢዎች የሚገዛው ውሃው ተሰልቶ ሳይሆን የመኪና ጎማ እስካሳለፈ ድረስ ነው። የ40 ሳንቲ ሜትር ቱቦ በዚሁ ዝቅታ 200 ሊትር ገደማ ያሳልፋል፣ በቁጥር ይበቃል። ቆሻሻ ለሚበዛበት ቦታ ግን 50ው ይመረጣል። ከቱቦው አፍ አንድ ሜትር በላይ የብረት ፍርግርግ ወደ ታች ጋደል ተደርጎ ቢቆም ፌስታሉ ተንሸራቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ውሃው ከሥር ያልፋል። ቀጥ ብሎ ከቆመ ራሱ ግድብ ይሆናል፤ ከየዝናቡ በኋላም መጠረግ አለበት።

ከዝናቡ በኋላ የቀረው

ቱቦው ነሐሴ 2 በ50 ሳንቲ ሜትር ተቀየረ። በዚያው ቀን ከታች ያለው ጎረቤት መጣ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፦ እስከዚያ ድረስ በሩ ላይ ታንቆ ግቢው ውስጥ ይበተን የነበረው ውሃ አሁን በሰከንድ 150 ሊትር ሆኖ በአንድ ቦይ ወደ እሱ አጥር ይወርዳል። ከጎርፍ የዳነ ግቢ ጎርፉን ለሌላ ሰው ማስረከቡ በአዲስ አበባ ዳርቻ የብዙ ጠብ መነሻ ነው። ደግሞም ውሃው በፍጥነት ሲወርድ መረሬውን ይቦረቡራል፣ ቦዩ በዓመት ውስጥ ገደል ይሆናል።

በሰፈሩ ሽማግሌዎች ፊት የተስማሙበት ይህ ነው። የታችኛው ቦይ እስከ ወንዙ ድረስ ይቀጥላል፣ ወጪውን ሁለቱ ግቢዎች እኩል ይካፈላሉ። በየ10 ሜትሩ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ደረጃ ይሠራለታል፣ ከየደረጃው ሥርም ውሃው የሚወድቅበት ድንጋይ ይነጠፋል። ወንዙ ጋ ሲደርስ አፉ ወደ ወንዙ አፈሳስ አቅጣጫ ጋደል ይላል፤ ቀጥ ብሎ ከገባ ወንዙ በሞላ ቁጥር ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል። የድንጋዩ ሥራ አፈሩ ረግቶ ለመደልደል እስኪመች፣ መስከረም እስኪጠባ ይቆያል። እስከዚያው ድረስ የቱቦው መውጫ በአሸዋ በተሞሉ ስምንት ኬሻዎች በከፊል ጠብቧል፣ የአሥር ቀኑ ትንበያም ለሁለቱም ቤቶች አብሮ ይነበባል፤ ከባድ ዝናብ ከተጠበቀ ኬሻውን የሚያነሣው የላይኛው ግቢ ሳይሆን የታችኛው ጎረቤት ነው።